ያረጀ ውሻን በክብር ስለመሸኘት

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ በሁሩሙና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። በቆሎ እሸት ሲደርስ ዝንጀሮና ጦጣ የሚያባርረው፣ ሌሊት የዱር አሳማ ጎደሬውን እንዳይቆፍር የሚከላከለው፣ ጅብ ወደ በረቱ ሲጠጋ የሚጮኸው፣ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ አጠገቡ የሚያድረው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ውለታ ውሻው ሲያረጅ ይረሳል። ጥርሱ ሲረግፍና ጆሮው ሲደነቁር «ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» ይባልና ጫካ ዳር ወስደው ይጥሉታል፤ አለዚያም በር ይዘጋበታል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። አንዳንዱ ለባዘኑ ውሾች የተጣለ የተመረዘ ሥጋ በልቶ መንገድ ዳር ይሞታል። በአገራችን ከተሞች ለዚህ ሲውል የኖረው ስትሪክኒን ጡንቻን አኮማትሮ በማንፈራገጥ ትንፋሽ የሚያሳጣ መርዝ ነው፤ ውሻው እስከ መጨረሻው ድረስ ራሱን አይስትም፣ ሕመሙ ሁሉ ይሰማዋል።

አቋሜን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። ዕድሜውን ሙሉ የእርስዎን ደጅ የጠበቀ ውሻ የት እና እንዴት እንደሚሞት መወሰን ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ለጅብ፣ ለዝናብና ለመርዝ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንን በኢሉባቦር ሁኔታ፣ እኛ ባለን አቅም እንዴት ማድረግ እንደሚቻል ነው።

መጀመሪያ፣ እርጅና መሆኑን ያረጋግጡ

ትልልቅ ውሾች ከ8 ዓመት፣ ትንንሾቹ ከ10 ዓመት ግድም ጀምሮ ያረጃሉ። አፈሙዙ ይሸብታል፣ የዓይኑ ብሌን ሰማያዊ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ እንቅልፉ ይበዛል፣ ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ይደርቃሉ። ይህ ብቻ ከሆነ ውሻዎ ገና ብዙ ደህና ቀን ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን በእኛ አካባቢ እርጅና የሚመስሉ፣ ሊታከሙም የሚችሉ ችግሮች ስላሉ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት እነሱን ይፈትሹ።

ካነከሰ ወይም መራመድ ካስጠላው መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። በቀን ብርሃን በጎኑ አስተኝተው መዳፉን ወደ ላይ ያዙሩትና ጣቶቹን ፈልቀቅ እያደረጉ መሃል ለመሃል ይመልከቱ። ነጣ ያለ፣ አተር የሚያህል እብጠት፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ካገኙ ሙጀሌ ነው። በበጋው አቧራ ወራት በአንድ መዳፍ ላይ ብዙ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ውሻው የሚረግጠው በቁስል ላይ ነው። በእሳት ወይም በአልኮል በጸዳ መርፌ ሳይፈነዳ ሙሉውን ያውጡ፣ በሳሙና ይጠቡ፣ ቁስሉን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይቀቡ። «አርጅቶ እግሩ ያዘ» የተባለ ውሻ ሙጀሌው ወጥቶለት እንደ ልቡ ሲሄድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ገንዲ ነው። ገንዲን የከብት በሽታ ብቻ አድርገን እናስበዋለን፤ ውሻንም ይይዛል። ባለቤቱን ተከትሎ ቆላ ዝንብ ወዳለበት ሸለቆ፣ ለምሳሌ ወደ ዲዴሳ ወይም ወደ ባሮ ተፋሰስ የሚወርድ ውሻ ከከሳ፣ ትኩሳት ከተመላለሰበት፣ ድዱ ከነጣና ዓይኑ ድንገት ከደፈረሰ ደሙ ይመርመር። የደም ምርመራው በአጉሊ መነጽር የሚታይ ቀላል ሥራ ነው። የመዥገርና የሆድ ትላትል ሕክምናም በዚያው ይሠራለታል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጠባዩ በቀናት ውስጥ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መንጋጋው ወደ ታች ከወረደና መዋጥ ካቃተው እርጅና አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አጥንት አንቆታል» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። በፍጹም አያድርጉት። ግቢው ውስጥ ዘግተው ልጆችንም ከብቶችንም ያርቁና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ የነካው ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የሕመሙ ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞት በስተቀር ማቆሚያ የለውም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያረጀ ውሻ በሕመም ተበሳጭቶ ሰው ከነከሰ «ይገላገል» ብለው አይቸኩሉ። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለ10 ቀን ተዘግቶ መታየት አለበት። ቸኩለው ከገደሉት የተነከሰው ሰው መልስ የሚያገኝበትን መንገድ ይዘጉበታል።

የቀሩትን ወራት ማቅለል

የኢሉባቦር ዝናብ ለሚያመው መገጣጠሚያ ክፉ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የማይለቅበት ዓመት ብዙ ነው፤ ለሽማግሌ ውሻ ከመድኃኒት ሁሉ የሚቀድመውም ደረቅ መኝታ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የጣውላ ርብራብ ሠርተው ጭድ የተሞላ ጆንያ ያንጥፉበት፣ ጭዱን በየሳምንቱ ይቀይሩ። ነፋስ ከሚመጣበት ጎን ማዳበሪያ ከረጢት ወይም ቆርቆሮ ይጋርዱለት። ሰንሰለቱን ይፍቱት፤ መነሳት የሚቸግረው ውሻ ሰንሰለት ሲጎትት ማየት ያሳዝናል። ዓይኑ ከደከመ የውሃውን ጣሳና መኝታውን ከለመደው ቦታ አያንቀሳቅሱ። ጆሮው ከደነቆረ ከኋላው አይንኩት፤ መሬቱን በእግርዎ መታ ያድርጉለት፣ ንዝረቱን ይሰማል።

ምግቡን ያለስልሱ። በሥጋ መረቅ የራሰ የእንጀራ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይሆነዋል። የወጥ ትራፊ ግን አይስጡት፤ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ደሙ ባነሰ ሽማግሌ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። እኛ ቡና አብቃዮች የምንዘነጋው ሌላ ነገር አለ፦ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው። ጥርሱ ደክሞ ለስላሳ ነገር የሚፈልግ ውሻ የታጠበ ቡና ገለፈት ወይም ከጀበና የተደፋ አተላ እንዳይልስ ይጠብቁት።

ሕመም ሲበዛበት ከቤት ያለውን ኪኒን ማንሳት ያምራል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያደክማሉ፤ ፓራሲታሞልም መጠኑን ሐኪም ካልወሰነው አደገኛ ነው። ዳይክሎፌናክ ሌላ መዘዝም አለው። በመድኃኒቱ የታከመ ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ በኩላሊት ድካም ይሞታል፤ ሕንድ በዚህ ምክንያት ጥንብ አንሳዎቿ ሊያልቁባት ሲደርሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት መስጠቱን ከልክላለች። ለውሻ የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ያለው ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ነው።

ቀኑን መወሰን

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ዕለት ተዕለት አብሮ የሚኖር ሰው ለውጡን አያየውም፤ ዛሬ ከትናንት ብዙም ስለማይለይ። አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ለዚህ የሚረዳ መለኪያ አዘጋጅተዋል። ሰባት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ሕመሙ፣ መብላቱ፣ መጠጣቱ፣ ንጽሕናው፣ ደስታው፣ መንቀሳቀሱ፣ ደህና ቀኑ ከክፉ ቀኑ መብዛቱ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮው ገና ደህና ነው ይባላል። ቁጥሩን እንደ ፍርድ አይያዙት፤ ጥቅሙ በየሳምንቱ ተረጋግተው እንዲያዩት ማስገደዱ ነው። ያነሰ ድካም ከፈለጉ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ማታ ማታ ለደህና ቀን ክብ፣ ለክፉ ቀን ጭረት ያድርጉ። ጭረቱ ክቡን መብለጥ ሲጀምር ጊዜው ቀርቧል።

ያለ ሰው እርዳታ መነሳት ካልቻለ፣ ለሁለት ቀን የሚወደውን ምግብ እንኳ ካልቀመሰ፣ ወይም ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ የሚያቃስት ከሆነ እኔ ጭረት መቁጠሩን አቁሜ ሐኪም እጠራለሁ።

ቤተሰቡን ያማክሩ። ውሻውን በየቀኑ የሚያበላው ማን ነው? ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ከሆኑ ከእርስዎ ይልቅ እነሱ ያውቁታል፤ ሐዘኑም የእነሱ ነውና ሳይነገራቸው አይደረግ። መርፌውን ከእምነቱ አንጻር የማይቀበል ሽማግሌ በቤቱ ሊኖር ይችላል። «ነፍሱን የሰጠው ይውሰዳት» የሚሉ አባት አይገፉም፤ እንዲህ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈውን የቤት አሟሟት ይከተሉ። ለልጆች አይዋሹ። «ጅማ አክስትሽ ጋ ሄደ» የተባለች ልጅ በሩን ስታይ ትከርማለች። «አርጅቷል፣ ያመዋል፣ ሊሞት ነው፤ ነይ ተሰናበችው» ይበሏት። ራሱን ትደባብሰው፣ የምትወደውን ነገር ትስጠው፣ ማልቀስ ከፈለገች ታልቅስ።

ሐኪሙን አስቀድሞ ማነጋገር

በወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ያሉት ባለሙያዎች ቀናቸው የሚያልፈው በከብት፣ በበግና በዶሮ ነው። ውሻ በመርፌ ማሳረፍ በየቀኑ የሚገጥማቸው ሥራ ስላልሆነ መድኃኒቱ በእጃቸው ላይኖር ይችላል። በዚህም ምክንያት ቀኑ ሳይደርስ፣ ውሻው ገና ቆሞ ሲሄድ ሄደው ይጠይቁ። በመቱ ካልተገኘ ባለሙያው ወደ በደሌ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ወዳሉ የሙያ ባልደረቦቹ ሊደውል ይችላል። በሽተኛውን ውሻ በሚኒባስ ያን ሁሉ መንገድ ማንገላታት ግን አይገባም። መድኃኒቱ ወይም ሐኪሙ ይምጣ።

ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፣ ማፈርም አያስፈልግም። «ዶክተር፣ መጀመሪያ ያስተኙታል?» ዋናው ይህ ነው። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ የተመረጠው ፔንቶባርቢታል ሲሆን እሱ ብቻውን ያስተኛል፣ ከዚያም ልብን ያቆማል። እሱ ካልተገኘ በዛይላዚንና በኬታሚን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ሌላ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል። ፖታሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ሰልፌት ላልተኛ ውሻ መስጠት ግን ማሠቃየት ነው፤ ይህን የሚል ሰው ካጋጠመዎት በትሕትና አመስግነው ሌላ ይፈልጉ። ሁለተኛው ጥያቄ «እንደማይሰማው እንዴት ያውቃሉ?» የሚል ነው። መልሱ የዓይኑን ጠርዝ ሲነኩት አለማርገብገቡና በጣቶቹ መካከል ሲቆነጥጡት እግሩን አለመሰብሰቡ ነው። ሦስተኛው ቤት ይመጡ እንደሆነ ነው። ውሻ በለመደው ጥላ ሥር ቢያርፍ ይሻላል። ሂሳቡን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ በዚያ ሰዓት ስለ ገንዘብ ማውራት ለሁለታችሁም ይከብዳል።

የአይጥ መርዝ፣ የሰብል ፀረ ተባይ፣ በረኪና፣ ገመድ። የትኛውም «ለመገላገል» በሚል አይሞከር።

በሰዓቱ

ከሚጮኽ ራዲዮና ከሰው ግርግር ርቆ ይሁን። ማስተኛው መድኃኒት ሊያስመልሰው ስለሚችል ከባድ ምግብ ካለፈው ማታ ወዲህ አይስጡት፤ አንዲት ቁራሽ ሥጋ ከእጅዎ ቢበላ ግን ምንም አይደለም። እርስዎ በራሱ በኩል ይቀመጡ፣ በስሙ ይጥሩት፣ እጅዎ ከአንገቱ ላይ አይነሳ። ጆሮው ባይሰማም ሽታዎን ያውቃል።

የመጀመሪያው መርፌ ጡንቻው ላይ ይወጋል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይከብዳል፣ ምላሱ ይላላል። ከሁለተኛው በኋላ ትንፋሹ ይረዝምና ይቆማል። ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድመው ካላወቁት ያስደነግጥዎታል፦ ዓይኑ እንደተገለጠ ይቀራል፤ ሽንቱ ሊያመልጠው ይችላል፤ ከሞተም በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ አየር ሊስብ፣ ቆዳው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ነቅቷል ማለት አይደለም። ሐኪሙ በማዳመጫ ልቡን ያዳምጥ። እርስዎም ከግራ ክርኑ ኋላ ደረቱ ላይ መዳፍዎን አሳርፈው ይጠብቁ።

ሐኪም ካልተገኘ ወይም ቤተሰቡ መርፌውን ካልፈቀደ ውሻው በራሱ ጊዜ ይሞታል፤ ይህም ያለ እንክብካቤ መሆን የለበትም። ከጅብ የሚከለል፣ በር ያለው ደረቅ ክፍል ያስገቡት። አንዳንድ ውሻ ሊሞት ሲል ከሰው ርቆ ይሸሸጋል፤ ሌሊት ግቢው ይዘጋ። በየጥቂት ሰዓቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያገላብጡት፣ የረጠበበትን ጨርቅ ይቀይሩ፣ ከንፈሩን በውሃ በራሰ ጥጥ ያርሱለት። መዋጥ ካቆመ በኋላ ምግብም ውሃም በግድ አያፍስሱበት፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ዝንብ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ በነጠላ ጨርቅ ይሸፍኑት። አንድ ሰው አብሮት ይደር።

ቀብሩ

በመርፌ የሞተ ውሻ ሥጋው መርዝ ነው። ገደል ወይም ወንዝ ዳር ከተጣለ የበላው ጅብ፣ ጥንብ አንሳና የሰፈር ውሻ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መቅበር ግዴታ ነው፣ ጥልቅ አድርጎ። ከሬሳው በላይ ቢያንስ 1 ሜትር አፈር እንዲኖር 1 ሜትር ተኩል ይቆፈር። ጅብ ላዩን የተቀበረን ነገር አሽትቶ ያወጣል፤ ከአፈሩ አጋማሽ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ደርድረው እንደገና አፈር ቢሞሉበት አይደፍረውም።

ቦታው ውሃ የማይተኛበት፣ ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ ቢያንስ 50 ሜትር የራቀና ከእነሱ በታች በኩል ያለ ይሁን። ምንጭ በየዳገቱ ሥር በሚፈልቅበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቁ። በክረምት ቀዩ አፈር ውሃ ቋጥሮ ስለሚይዝ ጉድጓዱን ዝናብ በሌለበት ቀን አስቀድመው ያስቆፍሩና በቆርቆሮ ይክደኑት። የጉድጓዱ ሥር ውሃ ካመነጨ ሌላ ቦታ ይሞክሩ። የሚኖሩት በኪራይ ግቢ ከሆነ አከራይዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ካልፈቀዱ ገጠር መሬት ያለው ዘመድ አይጠፋም።

ሰውነቱ ሳይደርቅ እግሮቹን አጥፈው እንደተኛ ያድርጉት። በአቡጀዲ ወይም በአሮጌ ጋቢ ይጠቅልሉት፤ በፌስታልና በማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ለዓመታት አይፈርስም። አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ልጆች ማስቀረት ይፈልጉ እንደሆነ ከመጠቅለሉ በፊት ይጠይቋቸው። አፈሩን ከሞሉ በኋላ ዝናብ እንዳያጎደጉደው ከላይ ይቆለል። ችግኝ መትከል የሚወድ ዋንዛ ወይም ብሳና ቢተክል ጥላውም ለቡናው ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረበት ከሆነ ግን በባዶ እጅ አይነካም፣ ናሙና የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ባለሙያ ሳይወስን አይቀበርም፣ መኝታውም ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ

ጎረቤት «ለውሻ ደግሞ ለቅሶ ይቀመጣል እንዴ፣ ልጄ?» ሊልዎት ይችላል። ክፋት አይደለም፤ በእኛ ዘንድ ውሻ ከደጅ አልፎ ስለማይገባ ሐዘኑም ከደጅ እንዲቀር ይጠበቃል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ሉሉ የተባለ ትንሽ ቺዋዋ ነበራቸው፤ በፎቶግራፎች ላይ አብሯቸው ይታያል። ውሻን መውደድ ከማዕረግ የሚያወርድ ነገር አይደለም። ቡና አፍልተው ውሻውን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ስለ እሱ ቢጫወቱ መልካም ነው። ሌሊት እንቅልፍ ከራቀዎት ምክንያቱ ያ የለመዱት ጩኸት መቅረቱ ነው፣ ያልፋል። ሌላ ውሻ በግቢው ካለ የምግብ ፍላጎቱ ሊቀንስና የጓደኛውን መኝታ እያሸተተ ሊዞር ይችላል፤ የምግብ ሰዓቱን ሳይቀይሩ ለጥቂት ሳምንታት ትንሽ የበለጠ ጊዜ ይስጡት።

ስለ ቡችላ ደግሞ፦ የከተማ ሰው ሐዘኑ እስኪወጣለት ሊቆይ ይችላል፤ በቆሎው እሸት የያዘ ገበሬ ግን ዝንጀሮ አይጠብቅለትም። ቶሎ መተካት ክህደት አይደለም። የሞተው ውሻ ያልታወቀ ሕመም ይዞት ከነበረ ጭዱንና ጆንያውን ያቃጥሉ፣ ርብራቡንና ጣሳውን በውሃ በቀጠነ በረኪና አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ቡችላው ከእናቱ የሚለየው 2 ወር ሲሞላው ነው። 3 ወር ሲሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት፤ ቀኑን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፉና በየዓመቱ ያስደግሙት።